ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆመ፣ እኛ ሪፖርቱ ላይ 100 ብለን ጻፍን

ሁለተኛ ዓመት · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት፣ ፊዚክስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። አንድ ነገር ከአርብ ጀምሮ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ዶርም ውስጥ ሳነሳው ሁሉም "ተወው፣ አለፈ" ነው የሚለኝ። እዚህ የሚያዳምጠኝ ሰው አላጣም ብዬ ነው የጻፍኩት።

አርብ ከሰዓት ላብ (የቤተ ሙከራ ሥራ) ነበረን። ሥራው ቀላል ነው። 100 ግራም አሉሚኒየም በክር አስረህ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ታቆየዋለህ። ከዚያ ቶሎ አውጥተህ 100 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት የፎም ኩባያ ውስጥ ትከተዋለህ። ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደደረሰ ታያለህ፣ የአሉሚኒየሙን ስፔሲፊክ ሂት (አንድ ግራሙን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈልገውን ሙቀት) ታሰላለህ። መጽሐፍ ላይ ያለው 0.90 ነው፣ ጁል በግራም በዲግሪ።

ውሃው መንተክተክ ጀመረ። ቴርሞሜትሩ ግን 93 ላይ ቆመ። ጠበቅን። ሙቀቱን ጨመርን። ውሃው እየዘለለ ከቢከሩ መፍሰስ ጀመረ፣ ቀዩ መስመር ግን ንቅንቅ አላለም። ከጎናችን ካለው ግሩፕ ሌላ ቴርሞሜትር ተዋስን። እሱም 93። ከግሩፓችን አንዱ "ሁለቱም ተበላሽተዋል። ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ነው፣ ማንዋሉም 100 ነው የሚለው" አለ። ሰዓቱ እያለቀ ነበር። 100 ብለን ጻፍን። እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስናሰላው 0.80 መጣ። "የስህተት ምንጮች" በሚለው ሥር "ሙቀት ወደ አካባቢው በመባከኑ" ብለን ዘጋነው። የሲኒየሮች ሪፖርት ላይም ያለው ይኸው አረፍተ ነገር ነው።

ሪፖርቱ ገብቷል፣ ገና አልታረመም። ቴርሞሜትሮቹ እውነት ተበላሽተው ነው? ካልሆነስ ሄጄ ልናገር?

የቁስቋም ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ ቴርሞሜትሮቹ ደህና ናቸው። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ገደማ ላይ ነው።

ውሃ የሚፈላው የራሱ የእንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ባህር ጠረፍ ላይ አየሩ የሚጫነው በ101 ኪሎፓስካል ነው። ከተማችን ከባህር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች። እዚህ ግፊቱ 78 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። የሚጫነው ስለቀነሰ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንስ። 7 ዲግሪ ወረደ ማለት ነው፣ 93።

አንዴ መፍላት ከጀመረ ደግሞ እሳት ብትጨምር አይሞቅም። የጨመርከው ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ይሄዳል። ያያችሁት በትክክል እሱን ነው። ቴርሞሜትሩን ካላመንክ በረዶ ፈልግ። አድቅቀህ ከውሃ ጋር ቀላቅለው፣ ዘንጉን አስገባ፣ እያማሰልክ ትንሽ ጠብቅ። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት እንደ መፍላቱ በከፍታ አይቀያየርም። 0 ካነበበ መሣሪያው ጤነኛ ነው።

ቀለሟ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡22

እኔ ፍሬሽ ነኝ፣ ጀነራል ፊዚክስ እየወሰድኩ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም። የስልኬ የአየር ሁኔታ አፕ የጎንደር ግፊት 1016 ሄክቶፓስካል ነው ይላል። ሲቀየር 101.6 ኪሎፓስካል ነው። 78 ከየት መጣ?

የቁስቋም ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡31

ጥሩ አይተሻል። አፑ የሚያሳይሽ ወደ ባህር ወለል ተሰልቶ የተስተካከለውን ቁጥር ነው። የአየር ትንበያ ሰዎች ጎንደርንና ጅቡቲን በአንድ ካርታ ላይ ማወዳደር ስላለባቸው ከፍታውን አስቀድመው ያወጡታል። አንቺ ጋ በእውነት የሚጫነው እሱ አይደለም። ባሮሜትር ያለው ስልክ ካገኘሽ ፋይፎክስ የሚባለውን አፕ ጫኝ። ጀርመን አኸን ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነው፣ በነፃ ነው። ከ780 ብዙ የማይርቅ ቁጥር ታያለሽ። ከታች ከአንገረብ ጀምረሽ ወደ ጎሃ ብትወጪ ደግሞ ቁጥሩ እየቀነሰ ሲሄድ በዓይንሽ ታይዋለሽ።

የማራኪ እናት · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ልጆች፣ እኔ ፊዚክስ አልተማርኩም፣ ልጄ ናት ይህን ያሳየችኝ። ግን የምትሉትን በእጄ አውቀዋለሁ። ደባርቅ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ሽምብራ ቀቅዬ አልበስል ሲለኝ እንጨቱን ነበር የምረግመው። እህቴ መተማ ናት። እሷ ጋ ስሄድ ያው ሽምብራ ቶሎ ይበስልልኛል። ውሃው ነው እንል ነበር። እንግዲህ ይህ ነው ነገሩ?

የቁስቋም ልጅ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00

እትዬ፣ ልክ ነዎት። ደባርቅ ከጎንደርም ከፍ ትላለች፣ ውሃው ከ90 ብዙም ሳያልፍ ይፈላል። መተማ ቆላ ነው፣ 98 አካባቢ ይደርሳል። ሽምብራውን የሚያበስለው የውሃው ሙቀት እንጂ መንተክተኩ አይደለም። ውሃው ራሱም ጠንካራና ለስላሳ ስለሚሆን ድርሻ አለው፣ ስለዚህ ያሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም።

ቲቸር ከደምቢያ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

ሁለተኛ ዓመት፣ መፍያው ነጥብ ተመልሷል። እኔን ያሳሰበኝ 0.80 ነው። የቀዝቃዛውን ውሃና የመጨረሻውን ሙቀት ጻፍልኝ።

ሁለተኛ ዓመት · ረቡዕ፣ ቀን 7፡45

ቲቸር፣ ዳታ ሺቱ አለኝ። ቀዝቃዛው ውሃ 20.0 ነበር። አሉሚኒየሙ ከገባ በኋላ 32.9 ላይ ቆመ።

ቲቸር ከደምቢያ · ረቡዕ፣ ቀን 8፡05

በል አብረን እንሥራው፣ ወረቀት ያዝ።

ውሃው ያገኘው ሙቀት፦ 100 ግራም በ4.186 በ12.9 ዲግሪ። 5,400 ጁል ይሆናል። ይህን የሰጠው አሉሚኒየሙ ነው። አሉሚኒየሙ ከ100 ተነሳ ካልክ የወረደው 67.1 ዲግሪ ነው። 5,400 ለ6,710 (100 ግራም በ67.1) ስታካፍል 0.80። ሪፖርታችሁ ላይ ያለው ይህ ነው።

አሁን ቴርሞሜትሩ ያለውን ስማው። ከ93 ተነሳ። የወረደው 60.1 ዲግሪ ነው። 5,400 ለ6,010 አካፍል።

0.90።

አየህ ልጄ? መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር እጃችሁ ላይ ነበር። አሉሚኒየሙ ያልነበረውን 7 ዲግሪ ጨመራችሁለት፣ ከዚያ የጠፋውን ሙቀት ፍለጋ ገባችሁ። እርግጥ ከቢከር ወደ ኩባያ ሲሻገር ትንሽ ሙቀት ይባክናል፣ ላዩ ላይ የተንጠለጠለ የፈላ ውሃ ጠብታም ውጤቱን ወደ ላይ ይገፋል። 0.87 ወይም 0.92 ቢመጣ ምንም አልልም ነበር። የአሥር ከመቶ ክፍተት ግን ባክኖ የሚጠፋ ነገር አይደለም። የሆነ ቦታ ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። አንድ ቴርሞሜትር አለኝ፣ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ አለ። ማይክሮሜትርን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስዬ ነው የማስተምረው። እነዚያ ልጆች ግቢ ሲገቡ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያ ይይዛሉ። መሣሪያውና ማንዋሉ ሲጣሉባቸው ማንዋሉን ቢያምኑ አልፈርድባቸውም። አሥራ ሁለት ዓመት የተፈተኑት በተጻፈ ነገር ነው። ለዚህ ነው አሁን ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለህ ይህ ነገር መከንከኑ ያስደሰተኝ።

ፋይናል ዓመት · ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። እኔ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ካላመጣህ አራት ዓመት የተማርከው ዲግሪ እጅህ አይገባም። ፈተናው ምርጫ ነው፣ ቴርሞሜትር አያስይዙህም። ክላሲካል ሜካኒክስ አለ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ አለ፣ ኳንተም አለ፣ ስታቲስቲካል አለ። አንድ የማትሪክስ ጥያቄ ለመፍታት ሌሊቱ ይነጋል። በዚህ ላይ በየሳምንቱ አሥር ገጽ የላብ ሪፖርት። ደግሞ ብዙዎቻችን ፊዚክስን መርጠን አልገባንም፣ ተመድበን ነው። እኔ ራሴ ሦስተኛ ምርጫዬ ነበር።

ላቡ ራሱስ? ስድስት ሰው በአንድ ስታንድ። ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሦስቱ ቆመው ያያሉ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ኦሲሎስኮፑ ላይ ምንም ሳናይ ሰዓቱ ያልቃል፣ ሪፖርቱ ግን አርብ ይገባል። ልጁ 100 ብሎ ቢጽፍ ምን ይፈረድበታል? የሚታረመውም ከመጽሐፉ ጋር ተመሳክሮ ነው። የመሬት ስበትን (ጂ) 9.8 ብሎ የጻፈ ሙሉ ያገኛል፣ 9.5 የጻፈ ይቀነስበታል። ይህን እያየን ነው የኖርነው።

ላብ ውስጥ የኖርኩ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

የፋይናል ዓመትን ቅሬታ በደንብ እረዳዋለሁ። ስድስት ሰው በአንድ ስታንድ ልክ አይደለም። አራራሙ ላይ ያልከውም ያለ ነገር ነው፣ እኛንም የሚመለከት ነው። እኔ ብዙ ዓመት ላብ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ የየትኛው ግቢ እንደሆነ ይቅር። አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የኦም ሕግ ሙከራ ነበር። የ1.5 ቮልት ባትሪ፣ የ10 ኦም ሬዚስተር፣ መልቲሜትሩ በሚሊአምፔር በኩል። አሜተር (ከረንት የሚለካው) ከሰርኪዩቱ ጋር በተከታታይ ነው የሚገባው። ሰርኪዩቱን ቆርጠህ መሃሉ ላይ ታስገባዋለህ። የውስጥ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ እንደ ቮልትሜትር ባትሪው ሁለት ጫፍ ላይ ከሰካኸው ከረንቱ ሁሉ በእሱ በኩል ይሮጣል። ጠዋት የገባ ግሩፕ እንደዚያ ሰክቶት ፊውዙ ተቃጥሏል። አልነገሩኝም። ፈርተው ነው።

ከሰዓት ሌላ ግሩፕ ያንኑ ሜትር ወሰደ። ሪፖርታቸው ሲመጣ 150 ሚሊአምፔር ይላል። 1.5 ለ10፣ በትክክል 150። ቆንጆ ቁጥር። ያ ሜትር ግን በዚያን ቀን ከዜሮ ሌላ ምንም ሊያሳይ አይችልም ነበር።

አልተቆጣሁም። ከግሩፑ አንዷን ልጅ ጠራኋት። የሜትሩን ጀርባ በስክሪው ድራይቨር አስከፈትኳት። ፊውዟን አውጥታ በሁለት ጣቷ ወደ መስኮቱ ያዘቻት። የብርጭቆ ናት፣ ከጣት ጫፍ ብዙም አትበልጥም። ውስጧ ያለችው ክር መሃሏ ላይ ተቆርጣለች፣ ብርጭቆው ትንሽ ጠቁሯል። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየቻት። ከዚያ "ዜሮ ነበር የሚለው፣ እኛ ነን ያሰላነው" አለችኝ። ዜሮ ብላ ጽፋ ብትመጣ ሙሉ እሰጣት እንደነበር ነገርኳት። ዜሮው ትክክለኛ ዳታ ነው። ሜትሩ ታሟል እያለ ነበር።

ስለ መውጫ ፈተናው ደግሞ፦ አሜተርና ቮልትሜትር እንዴት እንደሚገቡ በእጁ ያቃጠለ ልጅ ያንን ጥያቄ አይስተውም። በቃሉ የሸመደደው ግን ፈተናው ላይ ምርጫዎቹ ሲመሳሰሉበት ይደናገራል።

ሁለተኛ ዓመት፣ ሄደህ ተናገር። ዳታ ሺትህን ይዘህ ሂድ።

ተመርቄ የወጣሁ · ረቡዕ፣ ማታ 4፡10

ከላይ ያለውን ሳነብ እጄ ላይ ያለውን መልቲሜትር አየሁት። ከፊዚክስ ነው የተመረቅኩት፣ አሁን የምሠራው ጥገና ነው። የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛ ላይ አንድ የማይሠራ ፓወር ሰፕላይ አስቀምጠው "ምን ሆኗል?" ብቻ ነው ያሉኝ። ስለ ሽሮዲንገር የጠየቀኝ የለም። ሽሮዲንገርን እወደዋለሁ፣ አልቆጭበትም። ግን እንጀራዬን ያበሰለልኝ የት ጋ መለካት እንዳለብኝ ማወቄና የለካሁትን ማመኔ ነው።

ቀለሟ · ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

ይህን ሁሉ ሳነብ የእኔም ታወሰኝ። ባለፈው ሳምንት ፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ኳስ) ሠርተን ነበር። ክሩ 98.8 ሴንቲሜትር፣ 20 ደርሶ መልስ በ40.3 ሰከንድ። ጂ ስናሰላ 9.6 መጣ። ግሩፑ 9.8 አድርጎ ጻፈ። አሁን ገባኝ፣ ለካ እሱም የከፍታ ጉዳይ ነው! ጎንደር ከፍ ስለምትል የመሬት ስበት ይቀንሳል። 9.6 ብዬ አስተካክዬ ልሰጥ ነው።

ፋይናል ዓመት · ሐሙስ፣ ቀን 6፡50

ይሄ እንኳ ልክ ይመስላል። ከፍታ ሲጨምር ጂ ይቀንሳል፣ ቀመሩም ያንን ነው የሚለው።

ቲቸር ከደምቢያ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡40

ቆይ ቀለሟ፣ አትቸኩዪ። ከፍታን የሁሉ ነገር ምክንያት ካደረግነው ያው "ሙቀት ወደ አካባቢው በመባከኑ" ሆነ።

ጎንደር ላይ ጂ ስንት መሆን እንዳለበት ማስላት እንችላለን። 9.78 ገደማ ነው። ከአውሮፓ መጻሕፍት 9.81 ያነሰው በ0.03 ብቻ ነው። ያ ቅናሽ ራሱ አብዛኛው ከከፍታችን የመጣ አይደለም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው። ምድር በሽክርክሯ ምክንያት ወገቧ ላይ ወጣ ብላለች፣ ሽክርክሩም ራሱ ትንሽ ይቀንስልናል። የ2,100 ሜትር ከፍታ የሚጨምረው ቅናሽ ከ0.01 በታች ነው። ስለዚህ 9.6ን ከፍታ አያመጣውም።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ ይህን ትምህርት ሳስተምር ሳልነግራቸው አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሰው ደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ካየን ተላከ። ፓሪስ ላይ ተስተካክሎ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት ካየን ላይ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ሰዓቱ ተበላሸ ብሎ ዝም ሊል ይችል ነበር። እሱ ግን ወራት ሙሉ ደጋግሞ እየለካ ጻፈው። ፔንዱለሙን ማሳጠር ነበረበት። ኋላ ኒውተን ይህን ልኬት ወስዶ ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም፣ ወገቧ ሰፋ ያለ ነው ለሚለው ሐሳቡ ማስረጃ አደረገው። የካየን ጂ ስንት ነው ብትይ፣ 9.78። የእኛ ጎረቤት ናት በዚህ በኩል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ስቶፕዎች ላይ የሰው ጣት 0.2 ሰከንድ ያህል ይስታል። ልክ 1 ሜትር የሆነ ፔንዱለም ጂ 9.78 ከሆነ 20 ደርሶ መልስ የሚፈጅበት 40.18 ሰከንድ ነው። 9.81 ከሆነ 40.12። ልዩነቱ 0.06 ነው። ጣትሽ ከዚያ ሦስት እጥፍ ይስታል። በ20 ደርሶ መልስ ውጤትሽ ላይ የሚመጣው ስህተት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.1 ያህል ነው። ስለዚህ በዚያ ዳታ 9.81ንና 9.78ን መለየት አይቻልም፣ ማንም ይለካው። 9.6 ግን ከዚያም ትንሽ ወጣ ብሏል። ሌላ ነገር አለ።

ድገሚው። 100 ደርሶ መልስ ቁጠሪ። ሦስት ጊዜ። ስትለቂው ከ10 ዲግሪ አታሳልፊ። 30 ዲግሪ ከከፈትሽው ፔንዱለሙ ወደ 2 ከመቶ ይዘገያል፣ ጂ ደግሞ በእጥፉ ይወርዳል። ቆጠራውን የምትጀምሪው ከጫፍ ሳይሆን መሃሉን ሲያልፍ ይሁን፣ እዚያ ፈጣን ስለሆነ ቅጽበቱን ለመያዝ ይሻላል።

ሁለተኛ ዓመት · ዓርብ፣ ማታ 12፡50

ሄድኩ። ቃል በቃል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ትናንት ማታ ፒያሳ ካለ ጁስ ቤት በረዶ ለመንኩ። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁና በፌስታል ሰጡኝ። ዛሬ ከላብ ሰዓት በፊት ገብቼ አደቀቅኩት። ሁለቱንም ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን አስገባሁ። ቀዩ መስመር እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ አንዱ 0 ላይ፣ ሌላው ከ0 ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ከፍ ብሎ ቆመ። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ከዚያ ለሚያርመን ሰው ዳታ ሺቱን አሳየሁት። 93 የሚለው በእርሳስ ተጽፎ ከላዩ በእስክሪብቶ 100 ተደርጓል፣ ይታያል። ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ሪፖርቱን ከክምሩ መሃል አውጥቶ መለሰልኝ። "ስሌቱን ብቻ ሳይሆን የሆነውንም ጻፍ" አለኝ። ማንዋሉ ላይ ያለው 100 እንዲስተካከል ለዲፓርትመንቱ እንደሚያነሳም ነገረኝ። ግሩፔ መጀመሪያ ተናዶ ነበር። 0.90ውን ሳሳያቸው ግን አንዱ ስሌቱን ከእጄ ነጥቆ ራሱ ደገመው።

ፋይናል ዓመት፣ የጊዜው ነገር እውነትህን ነው። የዚህ ሳምንት የማትሪክስ ሥራዬ አልተነካም። ዛሬ ማታ አድራለሁ።

ፋይናል ዓመት · ዓርብ፣ ማታ 2፡15

ጎበዝ። እኔ በጊዜው ጉዳይ አቋሜን አልቀየርኩም። አራራሙ ካልተስተካከለ ተማሪው ብቻውን አይስተካከልም። ግን ከሪፖርቶቼ አንዱን ዛሬ አውጥቼ አየሁት። "ሙቀት በመባከኑ" ይላል። ዳታ ሺቱን ጥዬዋለሁ፣ ስለዚህ ስንት እንደነበር አሁን ማወቅ አልችልም። ያ ትንሽ አሳዝኖኛል።

ላብ ውስጥ የኖርኩ · ዓርብ፣ ማታ 2፡40

ዳታ ሺት አይጣልም፣ ልጆች። ቢቀደድም፣ ቢቆሽሽም። እርሳሱንም አታጥፉ፣ አንድ መስመር ብቻ አስምሩበትና ከጎኑ ጻፉ።

ቀለሟ · ቅዳሜ፣ ቀን 9፡20

ቲቸር፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ላቡ ዛሬ ክፍት ነው። ጓደኛዬ ቆጠረች፣ እኔ ስቶፕዎቹን ያዝኩ። 100 ደርሶ መልስ፣ ሦስት ጊዜ። 201.1፣ 200.8፣ 201.2። አማካዩ 201.03 ሰከንድ። ክሩ ያው 98.8 ነው። 9.65 መጣ። ከ20ው ይሻላል ግን 9.78 አልሆነም። አሁን ጣቴ አይመስለኝም፣ ሦስቱ ቁጥሮች በጣም ተቀራርበዋል።

ቲቸር ከደምቢያ · ቅዳሜ፣ ቀን 10፡00

ሰዓቱ ግሩም ነው። ከዚህ በላይ በእጅ አይጠበቅም። ትክክል ነሽ፣ ጣትሽ አይደለም። ሁሉም በአንድ ወገን ካዘነበለ ሌላ የተለካ ነገር ተመልከቺ። 98.8ን ከየት እስከ የት ነው የለካሽው?

ቀለሟ · ቅዳሜ፣ ቀን 10፡12

ክሩ ስታንዱ ላይ ከታሰረበት እስከ ኳሱ ድረስ።

ቲቸር ከደምቢያ · ቅዳሜ፣ ቀን 10፡14

እስከ ኳሱ ምኑ?

ቀለሟ · ቅዳሜ፣ ቀን 10፡40

ቲቸር! እስከ ላይኛው ጫፉ ነው። ክሩ የተቋጠረበት ድረስ። መሃሉ ድረስ መሆን ነበረበት!

ተመልሼ ገብቼ ኳሱን በቨርኒየር (ትንሽ ርዝመት በሚለካ መሣሪያ) ለካሁት፣ ሊዘጉ ሲሉ ነው የደረስኩት። ዲያሜትሩ 2.50 ሴንቲሜትር ነው። ግማሹ 1.25። ርዝመቱ 100.05 ሆነ። 9.77 መጣ!

ስህተቱንም አሰላሁት። ሰዓቱ 0.2 ሰከንድ ቢስት 0.02 ያመጣል፣ ሜትሩ አንድ ሚሊሜትር ቢስት 0.01። 9.77 ሲደመር ሲቀነስ 0.02 ብዬ ጽፌያለሁ። ዳታ ሺቱ ላይ 98.8 የሚለውን አላጠፋሁትም። አንድ መስመር አስምሬ ከጎኑ "እስከ ኳሱ ጫፍ" ብዬ ጻፍኩበት።